ስኳሩ ሳይትረፈረፍ

ልጄ፣ 22 ማዞሪያ ጁስ ቤት ልትከፍቺ እንደሆነ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እጅሽ ይባረክ፣ ደንበኛ አይጥፋብሽ። ምርቃቱን ከተቀበልሽ አሁን ምክሩን ስሚኝ። የንግድ ቤትም ጡት የሚጠባ ሕፃንም ይዘሻል። ሁለቱንም የሚነካ ነገር ቢኖር ስኳር ነውና ስለ እሱ ልነግርሽ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። እናቴ ቡናዋን በጨው ነበር የምትጠጣው። ጣፋጭ ማለት ማር ነበር፤ እሱም ለጠጅ፣ ለመድኃኒትና ለክብር እንግዳ እንጂ ለየዕለቱ አልነበረም። የአገራችን የፋብሪካ ስኳር ከወንጂ የወጣው በ1946 ዓ.ም. ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ አገዳ ሲያለማ ኖሮ፣ ያቺ አገር ነፃ ስትወጣ ፊቱን ወደ አዋሽ ሸለቆ አዞረ። የሸዋና የመተሐራ ፋብሪካዎች ተከተሉ፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ወረሳቸው፤ ፊንጫ ዘግይቶ መጣ። የዚያን ስኳር ዋጋ የከፈለው ገዢው ብቻ እንዳይመስልሽ። የወንጂ ሠራተኛ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት ጠጥቶ ጥርሱ በልዟል፣ የስንቱም አጥንት ደርቆ ጀርባው ጎብጧል። ስኳር ስትቀጂ እነሱን አስቢ።

ቀጥሎ የመጣውን አንቺም ታስታውሺዋለሽ። በ2003 ዓ.ም. የስኳር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ ምርቱ በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን 250 ሺህ ቶን ያድጋል፣ ከራሳችን አልፈን ለውጭ እንሸጣለን ተባለ። ተንዳሆ፣ ከሰም፣ ኦሞ ኩራዝ፣ አርጆ ደዴሳ፣ ጣና በለስ የሚሉ ስሞች በየዜናው ተደጋገሙ። በተበደረ ገንዘብ ብዙ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ተጀመረ። ጣና በለስን የመሰሉት ፋብሪካዎች ግንባታ ሜቴክ ለተባለው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ተሰጠ፤ ዘገየ፤ ኋላም ውሉ ተቋረጠ። ያሳዘነኝ ግን የአገዳው ነገር ነው። ገበሬ ከመሬቱ ተነሥቶ፣ ውሃ ተጠልፎ የተተከለ አገዳ የሚፈጨው ፋብሪካ ሳይደርስለት ማሳ ላይ አርጅቶ ተወገደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ምርቱ ከዚያ ወዲህ 4 መቶ ሺህ ቶን አካባቢና ከዚያ በታች ሲዋዥቅ ኖሯል። የጎደለው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ምንዛሪው ሲያጥር ወይም በ2014 ዓ.ም. ሕንድ እንዳደረገችው ሻጩ አገር ወደ ውጭ መላኩን ሲገድብ፣ የሸማቾች ማኅበር በር ላይ ሰልፉ ይረዝማል። አዋሽን፣ ኦሞንና በለስን የያዘ አገር ለስኳር ሲሰለፍ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ቢባል አይበዛበትም።

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች «ስኳር መጥፋቱ ለጤና በጀን» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። እጥረት ለሁሉም እኩል አይደርስም። ሰልፍ ላይ የምትውለው ጉልት የምትቸረችረውና ሻይ የምታፈላው ሴት ናት፤ ከ22 እስከ መገናኛ በተደረደሩት ኬክ ቤቶች ግን ጣፋጭ ጠፍቶ አያውቅም። ሒሳቡን ከእኔ ጋር አስይ። አገር ውስጥ የሚመረተው ስኳር ለሕዝቡ ሁሉ ቢካፈል ለአንድ ሰው በዓመት 4 ኪሎ አይሞላም። የዓለም አማካይ ፍጆታ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ 30 ግራም ያህል፣ ማለትም ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ስኳር ይዟል። በየቀኑ አንድ ለስላሳ የሚጠጣ የሰፈራችን ወጣት ሌላ ጣፋጭ ሳይነካ በዓመት ከ10 ኪሎ በላይ ይጨርሳል። በአማካይ ሲታይ አገሩ ስኳር የራበው ነው፤ ያንቺ ደንበኛ ግን ከአማካዩ ውስጥ የለበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ያወጣው እኛ 2 ሚሊዮን ቶን እናመርታለን ባልንበት በዚያው በ2007 ዓ.ም. ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም አይለፍ፤ 25 ግራም፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ አካባቢ፣ ቢሆን ደግሞ ይሻላል ይላል። ልብ በይ፣ ማርም፣ ተጨምቆ የተጠለለ የፍራፍሬ ጭማቂም እዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ። ሙሉ ፍሬ ሲበላ ግን አይቆጠርም። በልጅነት የሚይዘው የስኳር በሽታ ስኳር በመብላት አይመጣም፤ ስለዚህ የታመመን ልጅ እናት እንዳትወቅሺ። በጎልማሳነት የሚመጣው ግን ጣፋጭ መጠጥ ባዘወተረ ሰው ላይ ይበረታል፤ ጣፋጩ ጥርስም ያበላሻል።

እንግዲህ ወደ ጁስ ቤትሽ እንምጣ። አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ራሱ ጣዕም አለው። ሳትጠየቂ ስኳር አትጨምሪ። ደንበኛው ከፈለገ ይጠይቅሽ፤ አስተናጋጇም «ስኳር ይግባበት?» ብላ ትጠይቅ። የሚጣፍጠው በሎሚ ነው፤ ስፕሪሱ ላይ ሎሚ ጨምቂበት። መጀመሪያ ላይ «ይሄ ምን ጣዕም አለው?» የሚል አይጠፋም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና አትደንግጪ። ዛሬ ሦስት ማንኪያ የለመደ በወሩ ሁለት ይበቃዋል፤ ምላስ ይለምዳል። ደግሞም በኪሎ ውድ የሆነውን ስኳር የምትገዢው አንቺ ነሽ፤ ቁጠባው ለኪስሽም ነው።

«ስኳር የለውም» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጠርሙስ ደርድረሽ ጤና እሸጣለሁ እንዳትይ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። በ2015 ዓ.ም. ያው የዓለም ጤና ድርጅት ክብደት ለመቀነስ ተብሎ በሰው ሠራሽ ማጣፈጫ መደገፍ አይመከርም ብሏል። ውሃ አስቀምጪ፤ በማሰሮ ቢሆን ደግሞ ምንኛ ያምር ነበር።

ሕፃኑን በሚመለከት ግን ምክር አይደለም፣ አደራ ነው። ዓመት ሳይሞላው ማር በጣትሽ እንኳ አታስልሺው። ለእኛ መድኃኒት የሆነው ማር ለጨቅላ አንጀት መርዝ የሚያመነጭ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል። አያቶቹ ቢቆጡም አትስሚያቸው፤ እኔ ልቆጣቸው። ሁለት ዓመት እስኪሞላው ደግሞ ለስላሳም፣ ስኳር የገባበት ጁስም አይቅመስ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ፤ ልማዱ የሚጀመረው በጡጦ ነው።

እነዚያ ፋብሪካዎች አንድ ቀን በሙሉ አቅማቸው ይሠራሉ፤ ተስፋዬም ጸሎቴም ነው። የሰልፏ እናት ስኳሯን በተመጣጣኝ ዋጋ ማግኘት መብቷ ነው። ግን ብዙ አገሮች ስኳሩ ከተትረፈረፈ፣ በሽታውም ከገባ በኋላ በለስላሳ መጠጥ ላይ ግብር ለመጣል ሲሯሯጡ አይተናል። እኛ ገና ጊዜ አለን፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ሱቅሽ ሲከፈት መጀመሪያ የምትሠሪውን ጁስ ያለ ስኳር አድርጊና ለእኔ ላኪልኝ።