ላልተወለደ ልጅ ቤት ማሰናዳት

ልጅ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ቤት ማደስ፣ አልጋ መሥራት፣ ልብስ መስፋት በአሏህ (ሱ.ወ.) መመካት ነው ወይስ የእርሱን ውሳኔ መቅደም? ይህ ጥያቄ ለዑለሞች ብቻ የሚተው አይደለም፤ በየቤታችን የሚነሣ ነው። ባል «ግድግዳውን ልምረግ» ይላል፤ ሚስት ጨርቅ ትቀዳለች፤ አማት ደግሞ «መጀመሪያ በሰላም ትገላገል፤ ምን አስቸኮላችሁ?» ይላሉ።

ጥያቄው በእኛም ቤት ደርሷል። በ2009 ዓ.ም. ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ሳለች ከአትክልት ተራ ብዙም ሳንርቅ በአንዲት ክፍል የጭቃ ቤት እንኖር ነበር። በዚያ ገበያ ቲማቲም የሚጫነው በእንጨት ሳጥን ስለነበር የተሰበረውን በርካሽ ማግኘት ይቻል ነበር። እኔም ጥቂት ሳጥኖች ገዝቼ ምስማሩን ነቀልኩ፤ ጣውላውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ የሕፃን አልጋ ሠራሁ። አማቴ አይተው «ልጄ፣ ባዶ አልጋ ቤት ውስጥ አይቀመጥም» አሉኝ። እኔ ግን ሳቅሁ።

ልጃችን በሰባተኛው ወር በማኅፀን ሳለ ሞተ። ሐኪሙ ምክንያቱን በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ገለጸልን። ሰው ግን ምክንያት አያጣም። አንዱ «አልጋው ነው ያመጣው» አለ፤ ሌላው «ጭቃ ስላቦካች ነው» ብሎ በባለቤቴ ላይ ፈረደ። አልጋው ጥግ ላይ ባዶውን ቆመ። እኔም እርሱን ባየሁ ቁጥር «በከንቱ ደከምኩን? ወይስ አጠፋሁ?» እያልኩ ራሴን እጠይቅ ነበር።

አንባቢያን ሆይ! በመጀመሪያ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሮችን በመጥፎ ገድ መተርጎምን ውድቅ አድርገዋል። ዐይን እውነት መሆኑን ቢያስተምሩም መጠበቂያው ዱዓ ነው እንጂ ሥራን መተው አይደለም። እርሳቸውም ልጃቸውን ኢብራሂምን በጨቅላነቱ አጥተዋል፤ ዐይናቸው አንብቷል፤ ልባቸው አዝኗል፤ ነገር ግን ጌታቸውን የሚያስከፋ ቃል አልተናገሩም። በዚያው ቀን ፀሐይ በመጋረዷ ሰዎች በኢብራሂም ሞት ምክንያት ነው ቢሉ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ሲሉ እንደማይጋረዱ ነገሯቸው። በሐዘናቸው ቀን እንኳ ሰው በከንቱ እምነት እንዲጽናና አልፈቀዱም። ታዲያ እኛ አራት ጣውላ የሕፃንን ነፍስ ይወስዳል ብለን እንዴት እናምናለን? ልጇን ባጣች እናት ላይ ያለ ማስረጃ ጥፋት መለጠፍስ በደል አይደለምን?

ሁለተኛው ነገር ተወኩል ነው። ግመሉን ሳያስር በአሏህ ሊመካ ያሰበውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስረህ ተመካ ማለታቸው ይታወቃል። ከዚህ ይልቅ ግን ለእኔ ያበራልኝ በሱረቱል ከህፍ የተነገረው የግድግዳው ታሪክ ነው። ሙሳ (ዐ.ሰ.) እና ኸድር (ዐ.ሰ.) እንግድነት ከነፈጋቸው አገር ሲደርሱ ሊወድቅ ያዘነበለ ግድግዳ አገኙ፤ ኸድርም ያለ ምንም ዋጋ አቃናው። ከሥሩ የሁለት የቲም ልጆች ሀብት ነበረ፤ አባታቸውም ደግ ሰው ነበር። ልጆቹ እስኪያድጉ ድረስ ግድግዳው መቆም ነበረበት። እንግዲህ ቤት መጠገን ገና ላላደገ ልጅ አደራ መጠበቅ ሊሆን ይችላል። ሠሪው የታዘዘው እንዲሠራ ነው፤ ፍሬውን ማየት ግን የእርሱ ድርሻ አይደለም።

ይሁን እንጂ ዝግጅት ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም፤ ወሰን አለው። አንደኛው ወሰን ብክነት ነው። ለጎረቤት ዐይን ሲባል በብድር ዕቃ ገዝቶ ለዐቂቃ በግ የሚሆን ገንዘብ ማጣት ዝግጅት አይባልም። ሁለተኛው ጉዳት ነው። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ (ሊድ) የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ ቀለሙ ሲፋቅ በአቧራው ወደ እናት ገብቶ ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። በአገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳ ግን ገና በየቤቱ አለ። ስለሆነም ነፍሰ ጡር ሴት አሮጌ ቀለም አትፋቅ፤ በሚፋቅበት ክፍልም አትቀመጥ። መሰላል መውጣትና ከባድ ዕቃ ማንሣትም ለሌላው ይተው።

ሦስተኛው ወሰን ሸክሙን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። ቁርኣን እናት በድካም ላይ ድካም ተሸክማ እንደምታረግዝ ያስታውሰናል። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ፣ ልብሳቸውንና ጫማቸውን ይጠግኑ እንደነበር ተናግራለች። ታዲያ መዶሻና መጋዝ መያዝ የሚያሳፍረው ባል ማንን ተከትሎ ነው? ይህ ማለት ግን ሚስትን እጇን አስሮ ማስቀመጥ አይደለም። ባለቤቴ «እኔም ለልጄ የምሠራው ይኑረኝ» ስትለኝ ከልክያት ነበር፤ ተሳስቻለሁ። መርየም (ዐ.ሰ.) በምጥ ላይ ሳለች የዘንባባውን ግንድ ወደ ራሷ እንድትወዘውዝ ታዝዛለች። ተምሩን ያረገፈው አሏህ ነው፤ የእርሷ እጅ ግን ድርሻ ተሰጠው። መርፌና ክር፣ ጨርቅና ምክር የእናት ድርሻ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዓመት በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ወለደች፤ የምታስተኛበትም አልነበራት። አልጋውን እንስጣት ያለችው ባለቤቴ ናት። ከቀደደችው ጨርቅ የሰፋችውን ትንሽ ፍራሽም ጨመረችበት፤ እያለቀሰች ሰጠች። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ገበያው ከአትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር በዚያ አልጋ ላይ የጎረቤታችን ሁለተኛ ልጅ ይተኛበት ነበር። ሐዘናችን በዚህ ጠፋ አልልም። ነገር ግን ሥራ የሚመዘነው በኒያው እንደሆነ፣ ለአንድ ሕፃን የታሰበ ጣውላም ከአሏህ ዘንድ እንደማይጠፋ ተማርኩ።

እንግዲህ ልጅ የምትጠባበቁ ወላጆች ሆይ! ቢስሚላህ ብላችሁ ግድግዳችሁን አቃኑ። «ኢንሻ አሏህ» የሚለውን ቃል ግን ከምስማሩ ጋር አብራችሁ ምቱ። አሏህ ለሁላችንም ደጋግ ልጆችን ይስጠን፤ ላጡትም ሶብርና ምንዳ ይወፍቃቸው። አሚን።