በዋሻ ያረፉትን ሙታን ማየት ይገባልን?

ሙት አያይም፣ አይሰማም፣ አይቀየምም። እንግዲያስ ሙትን በማየት የሚበደል ማን ነው? ይህ ጥያቄ የተነሣብን በጉዞ ላይ ነው። ከሐይቅ ተነሥተን በውጫሌ፣ በመርሳና በወልድያ አድርገን ላሊበላን ከተሳለምን በኋላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ወጣን። አውቶቡሱ ለአራት ቀን ቤታችን ነበር፤ ስንቁም፣ ፍራሹም፣ ከበሮውም በውስጡ ነው፤ ቦታ ያጡትም ወንበር ላይ አደሩ።

ስፍራውን ላላያችሁት ጥቂት ልናገር። ይምርሐነ ክርስቶስ ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ነው፤ ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ ነግሧል። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፤ በተራራ ሥር ባለ ሰፊ የተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ድንጋይና እንጨት በተራ እየተደራረቡ፣ በአክሱም ዘመን አሠራር፣ ግድግዳው ቆሟል። ዋሻው ዝናቡን ስለ ከለከለለት ያ ሁሉ እንጨት በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት አልፎ ለእኛ ደርሷል። የንጉሡም መቃብር እዚያው ነው። ከፀሐይ ለሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ነጩ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሌላው ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ቀስ እያለ ይመጣል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዋሻው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በዚያ የብዙ ሰዎች አፅም ተኝቷል፤ ሥጋቸው በአጥንታቸው ላይ ደርቆ የቀረም አሉ። ከሩቅ አገር የመጡ ተሳላሚዎች ናቸው ይባላል።

ክርክሩ የተጀመረው በመልስ ጉዞ ነው። ከእኛ ጋር የነበረ የሕክምና ተማሪ፣ «አጥንት አጥንት ነው፤ እኛ በትምህርት ቤት በየቀኑ እናየዋለን፤ ማንም ተበደልሁ አላለም» አለ። አንዲት እኅታችን፣ «እናንተ የምታዩት ለማዳን ልትማሩበት ነው፤ እኛ ዛሬ ያየነው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ዲያቆን የሆነው ወንድማችን ደግሞ የዮሴፍን አፅም አነሣ፤ እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ተሸክመውት ወጥተዋልና አፅም የሚሰወር ነገር አይደለም አለ።

የዲያቆኑ ምሳሌ ለእኔ መንገድ ከፈተልኝ፤ ዳሩ ግን እርሱ ባሰበው በኩል አይደለም። የዮሴፍ አፅም የተወሰደው ዮሴፍ ራሱ ወንድሞቹን አምሎ ስለ ለመናቸው ነው። በዋሻው ያረፉትስ የለመኑት ምንድን ነው? ቃላቸው አልደረሰንም፤ ነገር ግን ከመቅደሱ አጠገብ መጋደማቸው ራሱ ልመና ይመስለኛል። ታቦቱ ካለበት ሳይርቁ ማረፍን፣ በጸሎት መታሰብን ሽተዋል። በፊታቸው ቆሞ «ነፍስ ይማር» የሚል ሰው የለመኑትን ይሰጣቸዋል። ለጓደኛው ሊያሳይ ፎቶ የሚያነሣቸው ግን ያልሰጡትን ይወስዳል። ማየት አንድ ነው፤ የሚለየው ከሟቹ ፈቃድ ጋር የሚስማማው የትኛው ማየት እንደ ሆነ ነው።

እንግዲህ የማያምን ሰው አይግባ ልንል ነውን? በዚያው ቀን አልጋውንና ማድቤቱን በውስጡ በያዘ ትልቅ መኪና አገር ለአገር የሚዞሩ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት መጥተው ነበር። (ቤቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ከቤቱ ወጣ ይባላል ወይ ብለን ሥቀናል።) ሴትዮዋ ከአፅሞቹ ዘንድ ስትደርስ ካሜራዋን በነጠላ ሸፍና ቆብዋን አወለቀች። ከእኛ ወገን ግን የስልክ መብራት ሲበራ ሁለት ሦስት ጊዜ አየሁ። ሴትዮዋ የሙታኑን ሃይማኖት አታውቅም፤ ሰው እንደ ነበሩ ግን አልጠፋትም። ስለዚህ በሩ ላይ ሃይማኖት መጠየቅ ነገሩን የሚፈታ አይመስለኝም።

በእኛም በሐይቅና በአምባሰል ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ለቀብር ሲወጣ የክርስቲያን፣ የእስላም አይባልም፤ ጎረቤት ሁሉ ይወጣል። ሊቀየም በማይችል ሰው ፊት ማፈር ከሁሉ የጠራው እፍረት ነው፤ ቅጣትም ወቀሳም ስለሌለበት።

ይሁን እንጂ ስፍራውን ዝጉት አልልም፤ ሰው ካላየው ተረስቶ ይቀራል፤ የሚጠብቁት አባቶችም ከእንግዳ በሚገኘው ገቢ ይረዳሉ። በዚያ በኩል ብቻ ካሜራውም ስልኩም ከኪስ ባይወጣ ይበቃኛል። የሕክምና ተማሪው ወንድማችን ግን እስከ ዛሬ አልተስማማም፤ ለሚቀጥለው እትም መልሱን እንዲጽፍ ጠይቄዋለሁ።