ፍቅርና ሚዛን

ሰው ያየውን ሁሉ ሳያወዳድር ማለፍ አይሆንለትም። ሕፃን ከወንድሙ ጋር ቁመቱን ይለካካል፤ ገበሬ በማሳው ዳር ቆሞ የጎረቤቱን ማሽላ ይመለከታል፤ ተማሪም የራሱን ውጤት ከሰማ በኋላ ወዲያው የጓደኛውን ይጠይቃል። ይህ ጠባይ በበጎ ሲመራ ለትጋት ያነሣሣል፤ በክፉ ሲመራ ግን ወይ ትዕቢትን ወይ ራስን መናቅን ይወልዳል። እኛም ዛሬ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ከዚሁ የተነሣ ነው። ሰው የሚወደው ነገር በሚዛን ላይ ወጥቶ ደረጃ ሲሰጠው፣ ያውም ዝቅተኛ ደረጃ ሲሰጠው፣ ሚዛኑን ሊቀበል ይገባዋልን? ወይስ ስለ ፍቅሩ ብሎ ሊጥለው?

ጥያቄው የመጣብን ከመጽሐፍ አይደለም። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ እያለ በሚጠራት በጭሮ ከተማ፣ በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ከአጠገባችን የተቀመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከስልካቸው ላይ አንድ ዝርዝር ያነቡ ነበር። ዝርዝሩ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲዎች የኳስ ሜዳዎች ከአንደኛ ጀምሮ በተራ የሚያስቀምጥ ነው። የዚያ አገር ሰው እግር ኳስ ብሎ የሚጠራው ጨዋታ አብዛኛው በእጅ የሚካሄድ ቢሆንም፣ ደጋፊው ስለ ሜዳው ያለው ቅንዓት ከእኛው የሚለይ አይደለም። ሚሺጋን በሚባለው ግዛት፣ አን አርበር በምትባል ከተማ ያለው የዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ107 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። አንደኛው ተማሪ ይህን ባነበበ ጊዜ ሌላው «የጭሮ ሰው ሁሉ ቢገባበት ይሞላው ይሆን?» ብሎ አሳቀን።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ወጣቶቹ የሩቁን ትተው የቅርቡን ሊመዝኑ ተነሡ። ጭሮን፣ ገለምሶን፣ በዴሳን፣ ሂርናን፣ ሚኤሶን እየጠሩ የየከተማውን ሜዳ በደረጃ ያስቀምጡ ጀመር። እያንዳንዱም የራሱን ከተማ ከፊት አደረገ። የሚኤሶው ልጅ የቆላውን መሬት ሜዳነት አነሣ፤ የሂርናው ልጅ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ የሚያየው የእነርሱን ጨዋታ እንደሆነ ተናገረ። ከገለምሶ የመጣው ወጣት ሜዳቸው አራተኛ መባሉን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ፤ ፊቱም ተለዋወጠ። «ቡናችንን ስትጠጡ አንደኛ ትላላችሁ፤ ሜዳችን ሲሆን አራተኛ!» አለ። ቃል ቃልን እያነሣሣው ሄደና አንድ ብርጭቆ ተገልብጦ ሻዩ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

በዚህ ጊዜ በጡረታ ላይ ያሉ አንድ አረጋዊ መምህር ከጥግ ሆነው፣ «ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከእናንተ መካከል እናቱን ወይም እኅቱን ወደነዚህ ሜዳዎች ወስዶ ጨዋታ ያሳየ ማን ነው?» አሉ።

ወጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በኋላም አንደኛው በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ይህ ከደረጃው ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ደረጃውን የምታወጡት በማን ዐይን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው» ብለው ሻያቸውን መጠጣት ቀጠሉ።

ይህ አጭር ንግግር ለብዙ ቀን ከሕሊናችን ሳይወጣ ቆየ። ወጣቶቹ የተጣሉት ስለ ሣርና ስለ ግንብ አልነበረም፤ ስለ ክብር ነበር። «ሜዳችሁ አራተኛ ነው» መባል ለዚያ ልጅ «እናንተ አራተኛ ናችሁ» እንደ መባል ተሰማው። እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ይህ ነው፤ የአንድ ሕዝብ ክብር በግንቡ ውስጥ አለን?

የእግር ኳስ ታሪክ ለዚህ መልስ አለው። በ1942 ዓ.ም. ብራዚል የዓለምን ዋንጫ ስታስተናግድ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ማራካና የተባለውን ታላቅ ስታዲየም አሠርታ ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ ግን፣ ወደ ሁለት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እያየ፣ በስፋትም በሕዝብም ብዛት እጅግ የምታንሰው ኡራጓይ 2 ለ 1 አሸነፈቻት። የግንቡ ትልቅነት ለባለቤቱ ድልን አላስገኘለትም።

የራሳችንም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር በአዲስ አበባ ስታዲየም በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ በይድነቃቸው ተሰማ የሚሠለጥነውና በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት የሚመራው ቡድናችን፣ በዚያን ጊዜ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ያው ውድድር በአገራችን ሲደረግ ከምድቦቹ አንዱ የተጫወተው በድሬዳዋ ነበር። ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ዛየርና ሱዳን በዚያ ሜዳ ተገናኙ። ከሚኤሶ ባቡር የሚሳፈር የጨርጨር ሰው የአፍሪካን ታላላቅ ቡድኖች በቅርብ ሊያይ የቻለበት ዘመን ነበረ።

ዘመን አለፈና ነገሩ ተገለበጠ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በባሕር ዳር ያለው ስታዲየማችን መመዘኛውን አላሟላም ብሎ ወሰነ። ከዚህም የተነሣ ብሔራዊ ቡድናችን ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ከጋና ጋር ያደረገውን «የሜዳውን» ጨዋታ በደቡብ አፍሪካ በጆሃንስበርግ አደረገ። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ደግሞ ግብፅን የተቀበለው በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። ባለቤቱ በሰው ቤት እንግዳውን ተቀበለ።

ያን ጊዜ በየሻይ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሰማነው ሁለት ዓይነት ንግግር ነበር። አንዱ ወገን ተቆጣ፤ «ንቀውን ነው፤ ድሀ ስለሆንን ነው» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ አገሩን ይዘልፍ ጀመር፤ «እኛ ድሮም ምን አለን?» እያለ የውጭውን አወደሰ፤ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ እንደሚባለው ማለት ነው። ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የስሕተታቸው ሥር አንድ ነው። ሁለቱም በግንቡ ላይ የተሰጠውን ፍርድ በሰዎቹ ላይ የተሰጠ ፍርድ አድርገው ተቀብለውታል። ያ የሊሎንግዌ ጨዋታ ግን ሁለቱንም የሚያሳፍር መልስ ሰጠ፤ ቡድናችን በባዕድ ሜዳ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ስታዲየሙ ጎድሎ ሳለ ክብሩ አልጎደለም።

ነገር ግን አንባቢ በዚህ ላይ ቆሞ «እንግዲያውስ ስታዲየም ምን ያደርጋል?» እንዳይል እንለምናለን። ድሉን በሜዳው ተገኝቶ ያየው የአገሩ ሰው ስንት ነው? በጭሮ ያሉ ልጆች ያን ቀን የጮኹት በቴሌቪዥን ፊት ነው። ክብራችን ከእኛ ጋር ቢቀርም ደስታችን ግን ተሰዶ ነበር። ግንብ ክብር አይደለም፤ ነገር ግን ሕዝብ ደስታውን በአንድነት የሚቀበልበት ቤት ነው።

ስለ ቁጣውም አንድ ነገር ልናስታውስ እንወዳለን። ያ የመዘነን ማኅበር የባዕድ ማኅበር አይደለም። በ1949 ዓ.ም. ሲቋቋም ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር መሥራች የነበረችው ኢትዮጵያ ናት። ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ በፕሬዚዳንትነት የመሩትም ያው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ሚዛኑን ካቆሙት እጆች አንዱ የእኛው እጅ ነበረ። ራሱ ያቆመው ሚዛን ጎደሎውን ሲነግረው የሚቆጣ ሰው የተቆጣው በማን ላይ እንደሆነ ሊመረምር ይገባዋል።

ያም ሆኖ ሚዛን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ማለታችን አይደለም። የትልቅነት ሚዛን አለ፤ የበቂነትም ሚዛን አለ። የትልቅነት ሚዛን «ከማን ትበልጣለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የአሜሪካኖቹ ዝርዝር ከዚህ ወገን ነው፤ የሻይ ቤቱም ጠብ እንዲሁ። ይህን ሚዛን ሰው ቢተወው አይጎዳም፤ ቢጫወትበትም፣ ብርጭቆ እስካልተገለበጠ ድረስ፣ ነውር የለበትም። የበቂነት ሚዛን ግን «የሚገባው ሁሉ ገብቶበታልን?» ብሎ ይጠይቃል። ውኃ አለን? መጸዳጃ አለን? የተጎዳ ተጫዋች የሚታከምበት ክፍል አለን? ክራንች የያዘ ሰው በየት ይገባል? ይህን ሚዛን መጣል ለማንም አልተፈቀደም። ምክንያቱም የሚመዝነው የእኛን ትልቅነት ሳይሆን ለሌላው ያለብንን ግዴታ ነው።

አባቶቻችን «ፍቅር ካለ አንድ ቆዳ ለአምስት ይበቃል» ይላሉ። ይህ ያማረ ምሳሌ ነው፤ እውነትም ነው። በየከተማችን ሜዳ ዳር ተጠጋግቶ፣ ለማያውቀው ሰው ቦታ ለቅቆ፣ በአንድ ጃንጥላ ሦስት ሆኖ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ምሳሌው የሚናገረው በቆዳው ላይ ስለ ተቀመጡት ስለ አምስቱ ነው። ስድስተኛው ከውጭ ቆሞ እንደሆነ ከአምስቱ ማን ያስታውሰዋል? ፍቅር ያሉትን ይቆጥራል፤ የሌሉትን ለመቁጠር ግን ሚዛን ያስፈልጋል። አረጋዊው መምህር ስለ እናትና ስለ እኅት የጠየቁት ለዚህ ነበር።

ይህን ስንጽፍ ሌላውን ለመውቀስ ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት የራሳችንን በደል መናገር አለብን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች በአንደኛዋ ስንሠራ፣ የከተማይቱን የኳስ ሜዳ ሁኔታ የሚጠይቅ ቅጽ እንድንሞላ ታዘዝን። ስለ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ መጀመሪያ ርዳታ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች መግቢያ የሚጠይቅ ነበር። እውነቱ «የለም፣ የለም፣ የለም» ነው። እኛ ግን በሁሉም ላይ «በመጠኑ አለ» ብለን ጻፍን። ጉቦ አልበላንም፤ የታዘዝነውንም ለመሥራት አልሰነፍንም። የምንወዳት ከተማ ከጎረቤቶቿ በታች ተጽፋ ማየት ስላልወደድን ብቻ ነው። በፍቅር ዋሸን።

ጥቂት ቆይቶ ርዳታ ሲመደብ የደረሰው እውነቱን ለጻፉት ከተሞች ሆነ። የእኛይቱ «በመጠኑ» ስላላት ታለፈች። በሚመጣው ዓመት፣ በአንድ የእሑድ ጨዋታ፣ በክራንች የሚሄድ አንድ የምናውቀው ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አየነው። መግቢያው ድንጋያማ ቁልቁለት ስለነበረ ሊወርድ አልቻለም። ከውስጥ ጩኸት በተሰማ ቁጥር የሚያልፈውን ሰው ሁሉ «ማን አገባ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። እኛንም ጠየቀን። ነገርነው፤ አመሰገነን። እኛም ወደ ውስጥ ገባን፤ ጨዋታው ግን ከዚያ በኋላ አልታየንም። ስድስተኛውን ሰው ከውጭ ያስቀረነው በብዕራችን እንደሆነ ያወቅነው ያን ቀን ነው።

ለዚህ አገር ሰው አርአያ የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ዘመን ይህ ግዛት ለሌሎች ምሳሌ የሚሆን ግዛት እንዲሆን ታስቦ ነበር። አሰበ ተፈሪም የዚያ አሳብ ከተማ ናት። እንግዲህ ምሳሌ መሆን ማለት ምን ማለት ነው? ከሌላው በልጦ መታየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከንቱ ውዳሴ በሆነ ነበር። ምሳሌ የሚሆን ሰው ግን ሌላው እንዲያየው የፈቀደ ሰው ነው፤ እንዲታይ የፈቀደም ጎደሎው ጭምር እንዲታይ ፈቅዷል። ጎደሎውን የሚሸፍን ምሳሌ ለተከታዩ የሚያስተምረው መሸፈንን ብቻ ነው።

ስለዚህ አሳባችንን ስናጠቃልል፣ የሚወደውን በሚዛን ላይ ያየ ሰው ሁለት ነገር ይጠብቅ እንላለን። ደረጃውን ሲሰማ ክብሩ የተነካ አይምሰለው፤ ክብሩ ከዚያ አልነበረምና። ፍቅሩንም የጎደለውን መሸፈኛ አያድርገው፤ ከውጭ የቆመ ሰው አለና። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ነገር ግን ቅጽ የሚሞላ ሹም፣ ውጤት የሚሰጥ መምህር፣ ስለ አገሩ የሚከራከር ተማሪ፣ ንጋቱን ለማዘግየትም ለማፋጠንም ሥልጣን በእጁ አለ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደዚያው ሻይ ቤት ስንመለስ የገለምሶውን ወጣት አገኘነው። ሜዳቸው አሁንም አራተኛ መሆኑን ተቀብሎ እንደሆነ በፈገግታ ጠየቅነው። «አልተቀበልኩም» አለን፤ ጥቂትም ዝም ብሎ፣ «ግን ለበዓል ስሄድ እናቴን ወስጄ ነበር። የምትቀመጥበት አጣሁላት» አለ። እኛም ከዚህ የተሻለ መለኪያ በየትኛውም ዝርዝር አላገኘንም።