«አልታየም» እና «የለም»

አንድ ሰው በደንብ ሳይፈልግ «አላየሁም» ቢል ዋሸ ይባላል? ቃሉን ብቻ ከመዘንነው አልዋሸም፤ እውነትም አላየም። ሰሚው ግን «ፈልጎ አጣ» ብሎ ነው የሚረዳው። ጥያቄው ለቡና ወሬ የተፈጠረ እንቆቅልሽ ሊመስል ይችላል። ሜዲካል ላብራቶሪ ሳይንስ ለሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ነገ ከነገ ወዲያ በየቀኑ የሚፈርምበት ጉዳይ ነው።

ወባን እንውሰድ። የታማሚው ደም መስታወት ላይ ይቀባል፣ በጊምሳ ይቀለማል፣ ዘይት ጠብ ይደረግበትና በማይክሮስኮፕ ይታያል። በሌንሱ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ ቦታ ፊልድ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ወፍራሙ የደም ቅብ ላይ ቢያንስ 100 ፊልድ ሳይታይ «ተውሳክ አልታየም» ተብሎ እንዳይጻፍ ያዛል። ተማሪው ይህን ቁጥር ለፈተና ይሸመድደዋል። ሥራ ላይ ሲወጣ ግን በር ላይ ወረፋ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው መስታወት አያልቅም፤ ዓይን ይደክማል። አሥር ፊልድ አይቶ ምንም ያላገኘ ሰው «በቃ፣ ይሄ ንጹህ ነው» ለማለት ብዙ ምክንያት አለው። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይሆናል። አሥር ባየውም ሆነ መቶ ባየው ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ቃል አንድ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የጻፈው ብቻ ነው።

ታዲያ መቶው ከየት መጣ? መልሱ ተማሪው በሌላ ኮርስ፣ በሽታ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ሲማር ያገኘዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ተረቱ ደባቂው ሰውየው እንደሆነ አድርጎ ነው የሚያስበው። ትምህርቱ ግን በሽታው ራሱ ደባቂ መሆኑን ያሳያል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት በሚበስልበት ጊዜ የገባበትን ቀይ የደም ሕዋስ ተለጣፊ ያደርገዋል። ሕዋሱም አንጎልና ሌሎች የውስጥ አካላት ውስጥ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከጣት ጫፍ በሚቀዳው ደም ውስጥ በብዛት የሚታዩት ገና ያልበሰሉት ናቸው፤ ጉዳት የሚያደርሱት ሌላ ቦታ ተሸሽገዋል። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ያኔ ደሙን ሺህ ጊዜ ብታዩት ምንም የለም፤ ሰውየው ግን ነፃ አይደለም። ቲቢም እንዲሁ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ከሌለ በተለመደው የማይክሮስኮፕ ምርመራ ላይታይ ይችላል።

መሣሪያ ብንቀይርስ? ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ዓይን አይደክመውም፣ ወረፋም አያስጨንቀው። ነገር ግን ብዙዎቹ የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ኤርትራና ኢትዮጵያን ጨምሮ በአካባቢያችን ያንን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው ተውሳኮች ተገኝተዋል። እነሱ ፊት መመርመሪያው ያለ ምንም ሐሰት «የለም» ይላል፤ የተጠየቀው ስለ ፕሮቲኑ ነዋ! እኛ ግን የጠየቅነው ስለ ወባው መስሎን ነበር።

እንግዲህ «አልታየም» ስለ ዓለም የሚነገር ዓረፍተ ነገር አይደለም። ስለ ፈላጊው ነው፤ የት እንዳየ፣ ስንት እንዳየ፣ በምን እንዳየ። እውነትነቱ ከኋላው ባለው ድካም ይለካል። አሥር ፊልድ አይቶ «አልታየም» ብሎ የፈረመ ሰው ቃሉ እውነት ሆኖ ሳለ ዋሽቷል የምለው ለዚህ ነው። የዋሸው ስለ ታማሚው ደም ሳይሆን ስለ ራሱ ሥራ ነው።

ቃሉ ደግሞ በጉዞው ይለወጣል። ከላብራቶሪ «አልታየም» ሆኖ ይወጣል፤ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ «ኔጌቲቭ» ይሆናል፤ ታማሚው ጆሮ ሲደርስ «ነፃ ነህ፣ ምንም የለብህም» ሆኗል። ይህን ቃል ከፍርድ ቤት እናውቀዋለን። ተከሳሽ በነፃ ሲሰናበት ዳኛው «ይህ ሰው አላደረገም» ብሎ አልመሰከረም፤ ማስረጃው ጥፋቱን ለማሳየት አልበቃም ነው ያለው። ፍርድ ቤት እዚያ ላይ ቢያቆም አይወቀስም፤ ጥርጣሬው ለተከሳሹ ጥቅም ይተረጎማልና። ሕክምና ውስጥ ግን ያው ጥርጣሬ ለበሽታው ጥቅም ሊተረጎም ይችላል። ልዩነቱ የሰው ሕይወት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፣ ተገቢም ነው። «ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠውን ሰው ‹በመቶ ፊልድ ውስጥ አልታየም› ብትለው ምን ይሠራለታል? እሱ የሚፈልገው አለ ወይም የለም ነው። ፍልስፍናህን ለራስህ ያዝ።» እውነት ነው፤ ጥርጣሬን በታማሚ ጫንቃ ላይ መጫን ሐቀኝነት አይደለም፣ ሸክም ማዛወር ነው። ጥርጣሬውን መሸከም ያለባቸው የተማሩት ናቸው። መሸከም ማለት ግን መዋጥ ማለት አይደለም። በአማርኛ «አልታየም» ለሚለው ታማኝ ትርጉም ካስፈለገ «ምንም የለብህም» ሳይሆን «ትኩሳቱ ካልለቀቀህ ነገ ተመለስና ድጋሚ ደምህን እንየው» ነው። ፋልሲፓረም በደም ውስጥ ብቅ ጥልቅ ስለሚል ምርመራው በሰዓታት ልዩነት እንዲደገም ሳይንሱም ይመክራል። ጥርጣሬው ቀጠሮ ሆነ ማለት ነው።

ሐኪሙም ድርሻ አለው። በምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይ የታማሚው ሁኔታ የሚጻፍበት ቦታ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይመጣል። መተማ ወይም ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ወደ ደጋ የተመለሰ ወጣት «አልታየም» ሲባልና ከደጋ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ሲባል ቃሉ እኩል አይመዝንም። መስታወቱን የያዘው ባለሙያ ግን ያንን ካልነገሩት በምን ያውቃል? አለቃውም አይቀርለትም። የመቶ ፊልድ ቃል እየጠየቀ የአሥር ፊልድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ተቋም ውሸቱን አዟል፤ የፈረመው ሠራተኛ ብቻውን አይደለም የዋሸው። ይህን ስል ለፈራሚው ማምለጫ መስጠቴ አይደለም። «ዛሬ ይሄን ሁሉ በትክክል ማየት አልችልም» ማለትም አንድ ውጤት ነው፤ ሊጻፍም ይገባዋል።

በአገራችን ይህ ቀልድ ያልሆነበት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና ትምህርት ቤቶቻችን ሥር ከወባ መቃብር ብዙም አይርቅም።

ተማሪው በአራት ዓመት ውስጥ የተውሳክ ስም፣ የቀለም አዘገጃጀት፣ የሕዋስ ዓይነት ይማራል። ፈተናው እነዚህን ይለካል። ማንም በማያይበት ክፍል ስልሳኛው ፊልድ ላይ ሲደክመው ስልሳ አንደኛውን ማየት አለማየቱን ግን የሚለካ ፈተና የለም። አንዳንድ መስታወት ለጥራት ቁጥጥር ተመርጦ ድጋሚ ይታያል፤ ሁሉም ግን አይታይም። ታማሚውም መጥቶ «ስንት ፊልድ አየህልኝ?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው እንዳለ እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ መጠየቅ ያለበት ያ ማይክሮስኮፑ ላይ ያጎነበሰው ሰው ነው።