የአዝማሪው መሰንቆ በታቦቱ ጎዳና

ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት፣ የባሕር ዳር አድባራት ታቦታት ዘንባባ ባጠላው ጎዳና ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ በአንድ ወገን ሊቃውንቱ በጸናጽል፣ በመቋሚያና በከበሮ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያሸበሽቡ፣ በሌላው ወገን ከገጠር የመጣው ጎበዝ እስክስታ ሲመታ፣ አዝማሪውም አውታሩ ከፈረስ ጭራ በተሠራው መሰንቆ ሲያዜም፣ ከመቅደስ ደጃፍ ውጭ የሚቀረው ይህ ዘፈን ምስጋና ነው ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል።

ቤተ ክርስቲያን ዜማን ከዘፈን የለየችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የተወሰነው ማሕሌት ለተመስጋኙ ክብር የተሠራ ሲሆን፣ አዝማሪው ግን ሰውን ያወድሳል፣ ፍቅርን ያነሣል፣ ሽልማትም ይጠብቃል። ቢሆንም ንጉሥ ዳዊት በታቦተ ጽዮን ፊት በዘለለ ጊዜ የናቀችው ሜልኮል እንጂ ፈጣሪው እንዳልነበረ መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ይመሰክራል።

እኔም የዘፈኑ ቃል ሰውን የማያዋርድ እስከሆነ ድረስ፣ ሥጋ ለነፍስ ደስታ ምስክር ሆኖ በአደባባይ ሲቆም ማየትን እንደ ድፍረት አልቆጥረውም፤ ጌታ በዮርዳኖስ የተጠመቀው ሥጋን ለብሶ ነውና፣ የሥጋ እንቅስቃሴ ሁሉ ከበዓሉ ውጭ ነው ማለት ምሥጢረ ሥጋዌን ማጥበብ ይሆናል። የካህናቱን ድምፅ የሚውጠውን የድምፅ ማጉያ ጩኸት ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ታቦታቱ በድንኳን በሚያድሩበት ሌሊት፣ በጣና ዳር ማሕሌቱ ሲቆም፣ ቅድሚያው የማሕሌቱ ነው፤ ጎዳናው ደግሞ ታቦታቱ ወደ መንበራቸው በሚመለሱበት በማግሥቱ ለአዝማሪውም ይበቃል።