ሙያ በእጅም ነው

«ሙያ በልብ ነው» እንላለን። እስቲ እቤታችሁ አንዲት በርጩማ ለመሥራት ሞክሩ፤ ሙያ እጅም ላይ እንዳለ ታያላችሁ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። ከአራቱ እግር አንዱ ካጠረ በርጩማዋ ትወዛወዛለች። እንጨት ደግሞ ዲግሪ አይቶ አይራራም።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ዛሬ ስድቡ ቀነሰ እንበል። አናጢውን ግን «ለዚች ነው ይሄ ሁሉ ብር?» እያልን እናደርቀዋለን። ያልሞከርነውን ሙያ በየትኛው ሚዛን መዘንነው? የጀማሪ በርጩማ ቢንጋደድም ትርፍ አለው፤ ሌላ ጊዜ ዋጋ ሲጠራለት፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት ውሃ የቋጠረ እጁ ትዝ ይለዋል።

ግዴለም፣ ተከራከሩ። መጀመሪያ ግን አራት እግር እኩል ቁረጡ።