ስለ ጌሾና በጽዋ ውስጥ ስለሚሰወር ዕፅ

አንባቢ ሆይ፥ በደሴ ከተማ ሆጤ በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ተማሪ ባለፈው ክረምት ወደ ቤቴ መጥቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ። እኔም ወዲያው መለስሁለት፤ ነገር ግን ልጁ ከሄደ በኋላ የመለስሁለት ቃል የጥያቄውን ጫፍ እንጂ ሥሩን እንዳልነካ አስተዋልሁ። ይህን የምጽፈው ያን ጕድለት ለመሙላት ነው።

የልጁ እናት ጠላ ጠምቃ በመሸጥ ልጆችዋን ያሳደገች ሴት ናት። በደጃፍዋ በእንጨት ላይ የተሰቀለ ጣሳ አለ፤ በጓሮዋም ራስዋ የተከለቻቸው ጌሾዎች አሉ። ልጁም እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፥ በውጭ አገር ሰዎች በየቤታቸው ቢራ ሲጠምቁ ካናቢስ የሚባለውን ዕፅ እንደሚጨምሩበት፥ ለምሬት የሚሆነውንም ተክል በጓሮአቸው እንደሚያበቅሉ አነበብን። ጓደኞቼም፦ ጌሾው በእናንተ ጓሮ አለ፤ ያን ዕፅ እኛ እናመጣለን፤ በእናትህ ጋን እንሞክረው ይሉኛል። ጌሾም ቅጠል ነው፥ ያም ቅጠል ነው። ሁለቱንም የፈጠረ አንድ እግዚአብሔር ሲሆን፥ አንዱ የሚፈቀድ ሌላውም የሚከለከል ስለ ምንድር ነው?»

እኔም፦ «ልጄ ሆይ፥ የአገር ሕግ ይከለክላል» አልሁት። ይህ እውነት ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 እንዲህ ያለውን ዕፅ ማብቀልንም፥ ማዘጋጀትንም፥ ለሌላ መስጠትንም ይቀጣል። ነገር ግን ልጁ ስለ ቅጣት አልጠየቀኝም፤ ስለ ምክንያቱ ነው የጠየቀኝ። ቅጣትን ብቻ ፈርቶ የተወ ሰው፥ የሚያየው በሌለበት ቀን ምን ያግደዋል?

እንግዲህ አስቀድመን ስለ ቅጠሉ እንናገር። ጌሾ በደጋና በወይና ደጋ የሚበቅል፥ ዓመቱን ሁሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ቍጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ተለቅሞ በፀሐይ ይደርቃል፥ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ በግራዋ በታጠበና በወይራ ጢስ በታጠነ ጋን ከብቅልና ከውኃ ጋር ይጠነሰሳል፤ በኋላም እንኵሮው ሲገባበት ድፍድፍ ይሆናል። ይህን ለደሴ ሰው መንገር ለዓሣ ስለ ውኃ መንገር ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ሲሳሳት የማየው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጌሾ ያሰክራል ማለቱ ነው። ጌሾ አያሰክርም። የሚያሰክረው እርሾው ከብቅሉና ከእህሉ ጣፋጭነት የሚያወጣው አልኮል ነው። ጌሾ የሚሰጠው ምሬትን ነው፤ መጠጡንም ከሚያበላሹት ረቂቃን ተሐዋስያን ይጠብቀዋል። የምሬቱንም ፍሬ ነገር ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1995 ዓመተ ምሕረት ገልጠው ጌሾይዲን ብለው ጽፈውለታል።

በዚህ ላይ ከወንድሞቼ ጋር እንደማልስማማ ልናገር። እኔ ራሴ ጠላ ከተውሁ ብዙ ዘመን ነው። ነገር ግን አንዳንዶች ወንጌልን በተቀበሉ ጊዜ የጓሮአቸውን ጌሾ ከሥሩ ነቅለው አቃጥለዋል፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ምስክርነት ይናገሩታል። ተክሉ ምን በደለ? ኖኅ ወይን ተክሎ በሰከረ ጊዜ መጽሐፍ ወይኑን ሲረግም አናገኝም። ይልቁንም ያን ጌሾ እየለቀመች በሰኞ ገበያ በመሸጥ ልጅዋን ታስተምር የነበረች እናት ነበረች፤ ልጅዋ በነቀለው ጊዜ ያለቀሰችውን እኔ አይቻለሁ።

ፈረንጆች በቢራ የሚጨምሩት ሆፕ የሚባለው ሐረግ ግን ሌላ ነው። ይህ ሐረግ የክረምት ብርድንና ረጅም የበጋ ቀንን ይሻል፤ ከምድር ወገብ እጅግ በራቁ አገሮች እንጂ እንደ እኛ የቀኑ ርዝመት ብዙ በማይለወጥበት አገር በሚገባ አያፈራም። ስለዚህ ከደሴ ቍልቍል ወርደን በምናገኛት በኮምቦልቻ ያለው የቢራ ፋብሪካ ሆፕን ከባሕር ማዶ ሲያስመጣ፥ የተማሪው እናት ግን መራራዋን ከጓሮዋ ትለቅማለች። ደግሞም ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ሆፕና ካናቢስ የአንድ ቤተ ሰብ ዕፀዋት ናቸው፤ ጌሾ ግን ከእነርሱ ወገን አይደለም። ሆፕ የካናቢስ ዘመድ ሆኖ ሳለ የዘመዱን ሥራ አይሠራም። እንግዲያስ «ቅጠል ቅጠል ነው» የሚለው ነገር አይጸናም፤ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ወንድማማች ስንኳ አንዱ ገበሬ አንዱ ወንበዴ ይሆናሉና።

የእኛም አገር ዕፀዋት ይህንኑ ያስተምሩናል። በየአጥሩ ሥርና በየቆሻሻው ክምር የሚበቅለውን አስተናግርን የማያውቅ ማን ነው? ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ የቀመሰውን ሰው የማይገባ ነገር ያስለፈልፈዋልና። ከአባቶቻችንም ስለ ሌባ ሻይ ሰምተናል። ዕቃ በተሰረቀ ጊዜ ለአንድ ልጅ መድኃኒት በወተት አጠጥተው፥ ጢስም አስጢሰው ይለቁት ነበር፤ ልጁም አእምሮውን ስቶ እየተንገዳገደ በየመንደሩ ሲሮጥ፥ ሄዶ የወደቀበት ቤት ጌታ «ሌባው አንተ ነህ» ተብሎ ዕዳ ይከፍል ነበር። ይህ ልማድ በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ተከልክሏል። ስለዚያ ልጅ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። የጠጣውን ነገር አላወቀም፤ በማግሥቱም በእርሱ መንገዳገድ ምክንያት የማን በሬ እንደ ተወሰደ አላወቀም ይሆናል።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአገራችን ጠላ የምትቀዳ ሴት ጽዋውን ለእንግዳ ከመስጠትዋ በፊት ጥቂት በመዳፍዋ አፍስሳ ትቀምሳለች። ይህ ሥርዓት ለጨዋነት ብቻ የቆመ አይደለም። «በዚህ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ፤ አንተን የሚያገኝህ አስቀድሞ እኔን ያግኘኝ» ማለትዋ ነው። ጠጪውም የሚታመነው በዚህ ነው። ምላስ ምስክር ናት፤ ጠላው ጉሽ ይሁን፥ ቅራሪ ይሁን፥ ኮምጥጦ እንደ ሆነ፥ ጠንክሮም እንደ ሆነ ምላስ ትናገራለች። የጠላ ኃይል ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ያህል ቢሆን፥ ለዓመታት የጠመቀች ሴት ያለ መሣሪያ በአንድ ጕንጭ ትለየዋለች።

ካናቢስ በመጠጥ ውስጥ ሲገባ ግን ይህን ምስክር አፉን ይዘጋዋል። ሐኪሞች እንደሚሉት በአፍ የተወሰደ ካናቢስ ኃይሉ የሚታወቀው ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ቈይቶ ነው፤ ከተነሣም በኋላ ብዙ ሰዓት ይቈያል። እንግዲህ የቀመሰችው ሴት ምንም ሳይሰማት ለእንግዳው ትሰጣለች፤ እንግዳውም ምንም ሳይሰማው ሁለተኛና ሦስተኛ ይጠይቃል፤ የባጃጁ ነጂ ተነሥቶ በቍልቍለቱ መንገድ በሚሄድበት ሰዓት ሁሉም በአንድነት ይነሣበታል። አልኮልም ሲጨመርበት ሁለቱ ይረዳዳሉ፤ የአንዱ ብቻ ቢሆን የሚታገሠውን ሰው ሁለቱ ተባብረው ይጥሉታል። በወጣትነት ዕድሜ ዘወትር የሚወስደውም ሰው ለአእምሮ ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጥ ተመርምሯል።

ልጁ ያነበበው የውጭ አገር ሰው ነገር ቢሆን እንኳ ሙሉው አልተነገረውም። ካናዳ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓመተ ምሕረት ካናቢስን ለጐልማሶች ፈቅዳለች፤ በቤትም እስከ አራት ተክል መትከል በብዙው ክፍልዋ ተፈቅዷል። ነገር ግን በዚያ ለገበያ የሚወጣ የካናቢስ መጠጥ በአንዱ ማሸጊያ የዕፁ ኃይል ከ10 ሚሊግራም እንዳያልፍ፥ ልኩም በላዩ እንዲጻፍ፥ አልኮልም እንዳይቀላቀልበት ሕግ ተደርጓል። ባቫሪያዎችም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1516 ዓመተ ምሕረት ቢራ ከገብስ፥ ከሆፕና ከውኃ በቀር ምንም እንዳይገባበት አዝዘው ነበር፤ ያ ሕግ ስለ ዋጋና ስለ እህል ጭምር የወጣ ቢሆንም፥ ገዥው የሚገዛውን እንዲያውቅ አድርጎታል። የፈቀዱትም የከለከሉትም በዚህ አንድ ናቸው፤ በጽዋው ውስጥ ያለው ይታወቅ ይላሉ። በሆጤ ጋን ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ማን ይጽፍበታል?

ስለዚህ ነገር እንዲህ አጥብቄ የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጐረምሳ ሳለሁ፥ ገና የዓለሙን ነገር ስከተል፥ በሰፈራችን ሠርግ ሆነ። በወሎ ድግስ ሁለት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል፤ ለእስላሙ በእስላም እጅ የታረደ፥ ለክርስቲያኑም በክርስቲያን እጅ የታረደ ይቀርባል፤ ለአንዱ ጠላ ለሌላው ቀሪቦና ብርዝ ይቀዳል። ማንም ማንንም አይመረምርም፤ ባለ ድግሱ «ይህ የእናንተ ነው» ካለ አበቃ፤ በአንድ ዳስ ሥር ተቀምጦ ይበላል ይጠጣል። እኛ ሦስት ጐረምሶች ግን ለጨዋታ ብለን ለእስላሞቹ ልጆች ከተዘጋጀው ቀሪቦ በአንዱ ማንቈርቈሪያ ጥቂት አረቄ ጨመርንበት። ከሕፃንነት አብሮኝ ያደገ ወዳጄ ቀድቶ ጠጣ። ሁለተኛውን ሲያነሣ ቆም አለ፥ ጽዋውን አሸተተ፥ ወደ እኛም ተመለከተ። እኛ ሳቅን።

ጽዋውን በቀስታ አስቀመጠ፤ ማንቈርቈሪያውን ይዞ ወጣ፥ ከዳሱም ኋላ አፈሰሰው፤ አፉን ተጕመጥምጦ ወደ ቤቱ ሄደ። ለአባቱ አልነገረም። ነግሮ ቢሆን ያ ማዕድ ሁሉ በተነሣ ነበር፤ ሙሽራይቱም በዕንባ በሄደች ነበር። በደለኞቹ እኛ ሆነን ሳለ የሠርጉን ክብር የጠበቀው የተበደለው ነው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በቤታችን ውኃ እንኳ አልጠጣም። አባቴ በሞተ ጊዜ መጣ፥ ሬሳውን ተሸከመ፥ አፈር አለበሰ፤ ንፍሮ ሲቀርብ ግን ተነሥቶ ሄደ።

በኋላ ሕሊናዬ ስላላሳረፈኝ ወደ ሱቁ ሄጄ ይቅርታ ለመንሁት። እርሱም እንዲህ አለኝ፦ «አረቄውንስ ሳላውቅ ጠጣሁት፤ አላህ ያውቃል፥ በእርሱ አልያዝም። እኔ የተቸገርሁት፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትህ የምትሰጠኝን ሁሉ ማሽተት ስላማረኝ ነው። እናትህን እያሸተትሁ ከምበላ ብተው ይሻላል ብዬ ተውሁ።» እናቴ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረችም። ለምን ከቤትዋ እንደ ቀረ ሳታውቅ ሞተች፤ ብዙ ጊዜም «ያ ልጅ ምን በደልሁት?» ትለኝ ነበር፤ እኔም ዝም እላት ነበር።

ተማሪው በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ በመጣ ጊዜ ይህን ሁሉ ነገርሁት። እርሱም ብልህ ልጅ ነውና እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «ጋሼ፥ እርስዎ የሚነቅፉት መሰወርን ነው። እኛ ለሚጠጣው ሁሉ አስቀድመን ብንነግረውስ? ያን ጊዜ በደሉ የት አለ?» ነገሩን ላቃልልበት አልወደድሁም፤ እውነተኛ ጥያቄ ነውና። የነገሩትና የወደደ ሰው ካልነገሩት ሰው ይልቅ ያነሰ ተበድሏል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን፦ «ምን ብለህ ትነግረዋለህ?» አልሁት። «በውስጡ ዕፅ አለ ትለዋለህ፤ ስንት እንዳለ ግን አንተ ራስህ አታውቅም። ከጋኑ አናት የተቀዳውና ከአተላው አጠገብ የተቀዳው አንድ ይሁን ሁለት አታውቅም። ጠጪውን ሰው ምን እንደሚያደርገው፥ በስንት ሰዓት እንደሚነሣበትም አታውቅም። የማታውቀውን ልትነግረው አትችልም፤ ሳታውቅም ነግሬዋለሁ ብትል ፈቃዱን በባዶ ቃል ገዛኸው። ደግሞም ጋኑ የአንተ አይደለም። ሰዎቹ የሚገቡት በጣሳው ሥር የእናትህን እጅ አምነው ነው፤ ለአንተም አልመጡም፥ ለጓደኞችህም አልመጡም።»

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ፦ «ለእናቴ ልንገራት?» አለኝ። እኔም ጓደኞቹን እንዳላሳጣ ብዬ ስማቸውን አልጠየቅሁትም፤ «ንገራት፤ ጋኑ የእርስዋ ነውና የታሰበበትን ማወቅ ይገባታል» አልሁት። በዚያው ምሽት ነገራት። እርስዋም አልተቈጣችም አሉ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ጥንስሱን የምትከድነው ራስዋ ናት፥ የጓዳውንም ቍልፍ በመቀነትዋ ይዛ ትውላለች።